የሲክ እምነት፦ መጽሐፉ፣ ማዕዱና ጥምጥሙ

«ሲክ» በፑንጃብኛ ተማሪ፣ ደቀ መዝሙር ማለት ነው። እምነቱ የተወለደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ዛሬ ለሕንድና ለፓኪስታን በተከፈለው የፑንጃብ ምድር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተከታዮቹ በዓለም ላይ ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ይገመታሉ። በ2011 የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ 20.8 ሚሊዮን ያህል ሲኮች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከሕንድ ግዛቶች ሁሉ አብላጫ ሆነው የሚኖሩት በፑንጃብ ብቻ ነው። ካናዳ ውስጥም በ2021 ቆጠራ ወደ 770 ሺህ ደርሰዋል።

ጢማቸውንና ጥምጥማቸውን አይቶ ሙስሊም ናቸው የሚል ብዙ ነው። ሕንዶች ስለሆኑ ሂንዱ ናቸው የሚልም አለ። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ነፍስ እስከ ማጥፋት የደረሰበት ጊዜ አለ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ በአራተኛው ቀን፣ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ሜሳ ከተማ አንድ ባለጥምጥም ሲክ በገዛ ነዳጅ ማደያው ደጅ ላይ በጥይት ተገድሏል።

መሥራቹ ጉሩ (መምህር ማለት ነው) ናናክ በ1469 ታልዋንዲ በምትባል መንደር ተወለዱ፤ ቦታው ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ሲሆን ናንካና ሳሂብ ይባላል። ለብዙ ዓመታት አገር ላገር ዞረው ካስተማሩ በኋላ በራቪ ወንዝ ዳር ካርታርፑርን ቆርቁረው፣ እያረሱና እያስተማሩ በ1539 አረፉ። ወራሻቸው ከአብራካቸው የወጡት ልጆች አልነበሩም፤ ሌህና የተባለውን ደቀ መዝሙር መርጠው «አንጋድ» ብለው ሾሙት። እንዲህ እየተተካኩ አሥር ጉሩዎች እስከ 1708 እምነቱን መርተዋል። አምስተኛው ጉሩ አርጃን በ1606 ሕንድን ይገዛ በነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ በጃሃንጊር ዘመን ላሆር ውስጥ ታስረው ሞቱ። ልጃቸው ሃርጎቢንድ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰይፍ ታጠቁ፤ አንዱ የመንፈሳዊ፣ ሌላው የዓለማዊ ሥልጣን ምልክት ነው። ዘጠነኛው ቴግ ባሃዱር በ1675 ደልሂ ላይ አንገታቸው ተቀላ፤ ሲኮች የሚያስታውሷቸው ለካሽሚር ሂንዱዎች የእምነት ነጻነት ሲሉ እንደሞቱ ነው። አሥረኛው ጎቢንድ ሲንግ በ1708 ናንዴድ ላይ ከማረፋቸው በፊት፣ ከእንግዲህ ጉሩው መጽሐፉ ነው ብለው የሰውን ተራ ዘጉ።

የእምነቱ መክፈቻ ቃል «ኢክ ኦንካር» ይላል፤ አምላክ አንድ ነው። ይህ አምላክ መልክ የለውም፣ አይወለድም፣ አይሞትም፣ በሥዕልም በሐውልትም አይመለክም። «ዋሄጉሩ» ብለው ይጠሩታል። ነፍስ እየሞተች እየተወለደች ትዞራለች፤ ከዚህ ዑደት የሚያወጣት የአምላክ ጸጋ ነው። ጸጋውን የሚጋርደው ደግሞ «ሃውማይ» ነው፤ «እኔ፣ እኔ» የሚል ልብ ብንለው ይቀርባል። ከእርሱ አምስት ሌቦች ይወጣሉ፦ ፍትወት፣ ቁጣ፣ ስስት፣ ከዓለም ጋር መጣበቅና ትዕቢት። ጾም፣ ምንኩስና፣ ወደ ቅዱስ ቦታ መጓዝ፣ በዕድለኛ ቀን ማመን፣ እነዚህ በራሳቸው ነፍስን አያድኑም። ከአንድ ሲክ የሚጠበቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የአምላክን ስም ማሰብ፣ በላብ ሠርቶ መብላት፣ ያገኙትን ማካፈል። ማካፈሉ መጠን ተቆርጦለታል፤ «ዳስቫንድ» ይባላል፣ የገቢ አንድ አሥረኛ ነው። አሥራት ለሚያውቅ አንባቢ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

መጽሐፉ «ጉሩ ግራንት ሳሂብ» ነው። መጀመሪያ የተሰበሰበው በ1604 በጉሩ አርጃን እጅ ነው። 1,430 ገጽ አለው፤ የትም ይታተም አንድ ጥቅስ የሚገኝበት ገጽ አይቀየርም። ገጹ እንኳ «አንግ»፣ ማለትም የአካል ክፍል፣ ተብሎ ነው የሚጠራው። የተጻፈው በጉርሙኪ ፊደል ሲሆን፣ በውስጡ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ መዝሙሮች በ31 ራጋዎች ተደልድለዋል። ራጋን እኛ ትዝታ፣ ባቲ እያልን እንደምንለያቸው ቅኝቶች ማሰብ ይቻላል፦ መዝሙሩን የሚመራው ዜማው ነው። የጉሩዎቹ ድርሰት ብቻም አይደለም ያለበት። የሙስሊሙ ሱፊ የፋሪድ፣ የሸማኔው የካቢር፣ የቆዳ ሠራተኛው የራቪዳስ ቃል እኩል ቦታ ይዟል። በአገራችን ሸማኔና ፋቂ እንዴት ይታዩ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ የካቢርና የራቪዳስ ቃል በዚያ መጽሐፍ ሲሰገድለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

መጽሐፉ እንደ ሕያው ንጉሥ ይስተናገዳል። ጎህ ሳይቀድ ከመኝታ ክፍሉ በራስ ተሸክመው ያወጡታል፤ ትራስ በተደረደረበት ዙፋን ላይ፣ ከላይ ድንኳን በተዘረጋለት ስፍራ ይከፈታል፤ በማይነበብበት ሰዓት «ሩማላ» በሚባል ያማረ ጨርቅ ይሸፈናል። አንባቢው፣ ማለትም «ግራንቲ»፣ ከኋላ ተቀምጦ ከነጭ ፀጉር በተሠራ ጭራ ያራግብለታል። ማታ ተጠቅልሎ በክብር ይተኛል። በፑንጃቧ አምሪትሳር ከተማ መጽሐፉ በየሌሊቱ በመዝሙር ታጅቦ፣ በሸክም አልጋ ሆኖ ከሲኮች ዋና ቤተ መቅደስ ከሃርማንዲር ሳሂብ፣ አካል ታክት ወደሚባለው የሲኮች የበላይ መንበር ይሄዳል። ያረጀ ቅጂ አይቀደድም፣ አይጣልም፤ ለምሳሌ ፑንጃብ ውስጥ ወዳለችው ጎይንድዋል ተወስዶ እንደ ሰው አስከሬን በእሳት ይሸኛል። በየቤቱ ሙሉው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የማይገኘውም ለዚህ ነው፤ ለብቻው ክፍል ሰጥቶ እንዲህ ማስተናገድ ይከብዳል። ለዕለት ጸሎት «ጉትካ» የምትባል ትንሽ መጽሐፍ ትበቃለች።

የዕለቱ ቃል የሚወጣበት መንገድ ቀላል ነው። መጽሐፉ ሳይመረጥ እንደመጣ ይከፈታል፤ በግራው ገጽ ራስጌ ያለው መዝሙር ይነበባል። መዝሙሩ ከቀደመው ገጽ የጀመረ ከሆነ ገልጦ ከመነሻው ማንበብ ግድ ነው፤ ከመሐል መጀመር አይፈቀድም። ይህ «ሁካምናማ» ይባላል። ሕፃን ሲወለድ ስም የሚወጣለትም በዚሁ ነው፦ የመዝሙሩ የመጀመሪያ ፊደል የስሙ መነሻ ይሆናል፣ ለወንድ «ሲንግ»፣ ለሴት «ካውር» ይታከልበታል። በደስታም በሐዘንም መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሳያቋርጡ በ48 ሰዓት ማንበብ የተለመደ ነው፤ አንባቢዎች ይፈራረቃሉ። ችግሩ ሰዓቱን ለመድረስ ሲባል ሰሚው ቃል የማይለይበት ሩጫ መሆኑ ነው። የእምነቱ ሥርዓት መመሪያ ንባቡ ጥርት ብሎ ይሰማ ስለሚል፣ ጊዜ ያለው ሰው ቀስ ተብሎ የሚነበበውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

የጸሎት ቤቱ «ጉርድዋራ» ነው፤ የጉሩ ደጅ ማለት ነው። ከሩቅ የሚለየው በረጅም ምሰሶ ላይ በሚውለበለበው ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ባንዲራ ነው። ማንም ሰው መግባት ይችላል። ጫማ ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባል፣ ራስ ይሸፈናል፤ ለሴት ነጠላ ይበቃል፣ ጨርቅ ያልያዘ ደግሞ ብዙ ጊዜ በር ላይ ያገኛል። ሲጋራና መጠጥ በኪስም ቢሆን ይዞ መግባት ነውር ነው። ገብተው በመጽሐፉ ፊት ግንባርን መሬት ያስነካሉ፤ ሌላ እምነት ያለው እጅ ነስቶ ቢቀመጥ ማንም አያስገድደውም። ሁሉም ወለል ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ወንበር ለታመመና ለአረጋዊ ካልሆነ የለም። እንግዳ የሚሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው፤ እግሩን ወደ መጽሐፉ ይዘረጋል። እግር አጥፎ መቀመጥ ነው የሚሻለው።

ከጸሎቱ በኋላ «ካራህ ፕርሻድ» የሚባል ጣፋጭ ይታደላል። ሦስት ነገሮች በእኩል ሚዛን ይገቡበታል፦ የስንዴ ዱቄት፣ ንጥር ቅቤ፣ ስኳር። ውሃው የዱቄቱ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ስኳሩ በአንድ ድስት ከውሃው ጋር ይፈላል። በሰፊ የብረት ድስት ደግሞ ቅቤው ይቀልጥና ዱቄቱ ገብቶበት ያለማቋረጥ ይማሰላል። ቀለሙ ቡኒ ሆኖ ሽታው ቤቱን ሲሞላ፣ የሚፈላው የስኳር ውሃ ይጨመርበታል፤ ይንጨረጨራል፣ ራቅ ብሎ መቆም ነው። ከዚያ ከድስቱ ጎን እየተላቀቀ ቅቤው ጠርዝ ጠርዙን እስኪታይ ይማሰላል። ዱቄቱ ቶሎ ውሃ ከተጨመረበት ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ካረረ ይመራል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ይጓጉላል። ሠሪው ሙሉ ጊዜውን መዝሙር እየደገመ ነው የሚያበስለው። ከመታደሉ በፊት በሰይፍ ጫፍ ይነካል። በመጀመሪያ የአምስቱ ወዳጆች ድርሻ ይነሣል፤ እነማን እንደሆኑ ወረድ ብሎ አለ። ሌላው ሁሉ እኩል ይደርሰዋል፤ ተቀባዩ ተቀምጦ ሁለት እጁን አጣምሮ ይዘረጋል።

«ላንጋር» የጉርድዋራው ነጻ ማዕድ ነው። ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ረድፍ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ሦስተኛው ጉሩ አማር ዳስ ሊያያቸው የመጣ ሁሉ ቀድሞ ከሕዝቡ ጋር እንዲበላ አድርገዋል፤ የሙጋሉ ንጉሥ አክባርም እንዲሁ እንደበሉ ይተረካል። የሕንድ የዘር ደረጃ ከበታች ወገን ጋር መብላትን ይከለክል ስለነበር፣ ይህ ወለል ከስብከት በላይ የተናገረ ይመስለኛል። ምግቡ ቂጣ፣ የምስር ወጥ፣ አትክልት፣ አንዳንዴ በወተት የተቀቀለ ሩዝ ነው። ሥጋ የማይቀርበው ሥጋ በራሱ ኃጢአት ስለሆነ አይደለም፤ ሥርዓቱ የሚከለክለው በሌላ እምነት ሥርዓት የታረደውን ነው። ነገሩ በሲኮች መካከልም ያከራክራል። ማዕዱ ላይ ግን ሂንዱውም ሙስሊሙም ሳይሳቀቅ እንዲበላ አትክልት ብቻ ይሆናል። ቂጣው ሲሰጥ በሁለት እጅ መቀበል ነው፤ ጥቂት ወስዶ መድገም ይቻላል፣ ሳህን ላይ ማስተረፍ ያሳፍራል። አምሪትሳር ላይ በቀን ከ50 ሺህ የማያንስ ሰው እንዲህ ይመገባል። ሽንኩርት የሚልጠው፣ ሳህን የሚያጥበው አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው፤ አገልግሎቱ «ሴቫ» ይባላል፣ ዳኛም ነጋዴም ከእቃ ማጠቢያው ፊት ይቆማል።

አሁን ወደ አምስቱ ወዳጆች። በ1699 በቫይሳኪ በዓል አናንድፑር ላይ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ሰይፍ መዘው ራሱን የሚሰጠኝ ማን ነው ሲሉ ጠየቁ። አምስት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሡ፤ ከተለያየ አገርና የዘር ደረጃ የመጡ ነበሩ፣ ከመካከላቸው ውሃ ቀጂና ፀጉር አስተካካይ ይገኙባቸዋል። ጉሩው እነርሱን አጥምቀው፣ ተመልሰው ራሳቸው በእነርሱ እጅ ተጠመቁ። «ኻልሳ» የሚባለው ማኅበር ከዚህ ይጀምራል።

ሥርዓቱ ዛሬም ያው ነው። አምስት የተጠመቁ ሰዎች በብረት ገበታ ዙሪያ ቀኝ ጉልበታቸውን ተንበርክከው፣ ውሃና ስኳር በሁለት አፍ ሰይፍ እያማሰሉ አምስት ጸሎቶችን ይደግማሉ። ተጠማቂው አምስት እፍኝ ይጠጣል፣ አምስት ጊዜ ዓይኑ ላይ፣ አምስት ጊዜ ፀጉሩ ላይ ይረጭለታል። የተረፈውን ሁሉም ከአንዱ ገበታ ይጠጡታል። አራት ነገሮች ይከለከላሉ፦ ፀጉር መቁረጥ፣ በሌላ እምነት ሥርዓት የታረደ ሥጋ፣ ዝሙት፣ ትምባሆ። ይህን ያፈረሰ ተናዞ እንደገና መጠመቅ አለበት።

የተጠመቀ ሰው አምስት ነገሮችን ከአካሉ አይለይም። «ኬሽ» ያልተቆረጠ ፀጉር ነው። «ካንጋ» ትንሽ የእንጨት ማበጠሪያ ናት፤ ፀጉር በቀን ሁለት ጊዜ ይበጠርባታል። «ካቸራ» ሰፊ የውስጥ ቁምጣ ነው። «ካራ» ደግሞ ስሙ ለእኛ ጆሮ ቢላ ቢያስመስለውም የብረት አምባር ነው፤ ቢላው «ኪርፓን» ነው። ኪርፓን ደካማን ለመጠበቅ የሚታጠቁት ነው ይላሉ፤ በየአገሩ ግን ክርክር አስነሥቷል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 አንድ ተማሪ ከልብስ ሥር ተሰፍቶ እስካልወጣ ድረስ ትምህርት ቤት ይዞት እንዲገባ ፈቅዷል።

ጥምጥሙ ከአምስቱ አንዱ አይደለም፤ ፀጉሩን የሚጠብቅ ዘውድ ነው። ስስ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ ርዝመቱ እንደ አስተሳሰሩ ከ5 እስከ 7 ሜትር ይሆናል። ጨርቁን ወጥሮ ለማጠፍ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ብቻውን የሆነ ሰው ጫፉን በር እጀታ ላይ ያስራል። እጥፉ ካልተስተካከለ ቀኑን ሙሉ ሲንሸራተት ይውላል። ግንባር ላይ ከጠበቀ ራስ ያሳምማል፤ ፀጉሩ በጣም ተስቦ ከታሰረም የግንባሩ ጠርዝ እየሳሳ ይሄዳል። እርጥብ ፀጉር ላይ መጠምጠም ሽታ ያመጣል። ሁሉም ሲክ ግን የተጠመቀ ወይም ጥምጥም ያሰረ አይምሰላችሁ፤ ፀጉሩን የሚቆረጥ፣ ጉርድዋራ ግን የማይለይ ብዙ አለ።

በጋብቻ ሙሽሮቹ መጽሐፉን በቀኝ በኩል አራት ጊዜ ይዞራሉ፤ በየዙሩ በጉሩ ራም ዳስ ከተደረሱት አራት አንቀጾች አንዱ ይዘመራል። የሞተ ሰው ይቃጠላል፣ አመዱ ወራጅ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ሐውልት አይቆምለትም።

የቅርብ ዘመን ታሪካቸው ከባድ ነው። በ1947 ፑንጃብ ለሁለት ሲከፈል ናንካና ሳሂብና ካርታርፑር ወደ ፓኪስታን ቀሩ፤ ከሕንድ ወደ ካርታርፑር ያለ ቪዛ እንዲያስገባ መተላለፊያ የተከፈተው በኅዳር 2019 ነበር። በሰኔ 1984 የሕንድ ጦር በውስጡ የመሸጉ ታጣቂዎችን ለማስወጣት የአምሪትሳሩን ቤተ መቅደስ ወረረ፤ በጥቅምት መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ በሁለት ሲክ ጠባቂዎቻቸው ተገደሉ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ደልሂ ውስጥ ብቻ ከ2,700 በላይ ሲኮች በጅምላ ተጨፈጨፉ።

እምነቱን በአካል ማየት ለሚሻ ፑንጃብ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ጎረቤት ኬንያ ውስጥ፣ በናይሮቢና በሞምባሳ መካከል ማኪንዱ ላይ ያለው ጉርድዋራ መንገደኛን ሁሉ በነጻ ያበላል። በዱባይም ጀበል ዓሊ ላይ በ2012 የተከፈተ ትልቅ ጉርድዋራ አለ። ለምሳ የገባ ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም፤ ራሱን መሸፈኑና ጫማውን ማውለቁ ግን ይታያል።