ናሮውባንድ ፊልተር ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ሰማይ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ትልቁ ራስ ምታት መብራት ነው። ካሜራው አንድ ሁለት ደቂቃ ተከፍቶ ከቆየ ፎቶው ግራጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። ፕላኔተሪ ኔቡላ (የሞተ ኮከብ የጣለው የሚያበራ ጋዝ) ለማንሳት ግን ሁነኛ መፍትሔ አለ፦ ናሮውባንድ ፊልተር።

ከካሜራው ፊት የሚገባ መስታወት ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር አለው) ገደማ ይዘልቃል። ፊልተሩ ከዚያ ውስጥ ለምሳሌ 7 ናኖሜትር ብቻ አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል። ነጭ ኤልኢዲ መብራት ብርሃኑን በየቀለሙ ስለሚበትን አብዛኛው ውጭ ይቀራል።

ታዲያ ኔቡላውስ አብሮ አይቀርም? አይቀርም፤ እኔን የሚገርመኝም ይኼ ነው። ፕላኔተሪ ኔቡላ ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ዕድሜው ሲያልቅ ከላዩ የጣለው ጋዝ ነው። የሚያበራውም መሀል ላይ የቀረው የጋለ እምብርት ነው። በ1864 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዊሊያም ሀጊንስ የአንዱን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ አየው። እንደ ኮከብ የተዘረጋ የቀለም ሰንሰለት ሲጠብቅ ያገኘው ደማቅ አረንጓዴ መስመር ነው፤ ብርሃኑ እንደ መብራቱ አይበተንም፣ ጠባብ ቀለም ላይ ይሰበሰባል። የማንም የታወቀ ንጥረ ነገር ስላልመሰለ "ኔቡሊየም" የሚል ስም ሁሉ ወጥቶለት ነበር። በ1927 አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አይራ ቦወን ፈታው፦ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን ነው። እንዲህ የሚያበራው ጋዙ እጅግ በጣም ሲሳሳ ብቻ ነው። ዋናው መስመር 500.7 ናኖሜትር ላይ ነው፤ የኦክስጅን ፊልተርም የሚሠራው ለዚሁ ነው። ቀዩ የሃይድሮጅን መስመር 656.3 ላይ ይገኛል። ለባለቀለም ካሜራ ሁለቱንም በአንዴ የሚያሳልፍ ፊልተር አለ።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የቀለበት ኔቡላ (ኤም 57) በሰሜን ምዕራብ፣ በጣና በኩል ነው። ሐይቁ ላይ የመንገድ መብራት ስለሌለ አቅጣጫው ይመቻል። ቀለበቱ ትንሽ ነው፤ ስፋቱ የሙሉ ጨረቃን 1/20ኛ አይሞላም፣ ስለዚህ ረጅም ሌንስ ወይም ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። ሄሊክስ የሚባለው ሌላ ፕላኔተሪ ኔቡላ ሰፊና ፈዛዛ ሲሆን በደቡብ፣ በከተማው በኩል ስለሚያልፍ ያለ ፊልተር ባይሞከር ይሻላል።

ፊልተሩ ብርሃን ስለሚቀንስ አንዱ ፎቶ እስከ 5 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሰማዩን ተከትሎ የሚዞር መቆሚያ የግድ ነው። ብዙ ፎቶ አንስቶ በሶፍትዌር መደራረብም ያስፈልጋል። ሐይቅ ዳር ጤዛ ሌንሱን ቶሎ ያለብሰዋል፤ በየመሀሉ ማየት ነው።

ጋላክሲ ላይ ግን ይህ ፊልተር እምብዛም አይረዳም። የጋላክሲ ብርሃን የከዋክብት ብርሃን ነው፤ እንደ መብራቱ በየቀለሙ ይበተናል። አንድሮሜዳን የፈለገ ከከተማ መውጣት አለበት።