ሊዝ ፐርቸስ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) በእጁ የገባ ሰው ስልኩ እረፍት ያጣል። ልምድ ስለሌለው ብዙ ካምፓኒ በሩን ይዘጋበታል። በሩን ከሚከፍቱለት መካከል ደግሞ እንዲህ የሚሉ አሉ፦ «ክሬዲት አንጠይቅም፣ ቅድመ ክፍያ የለም፣ በራስህ ትራክ ሥራ ጀምር»። ይህ ሊዝ ፐርቸስ ይባላል። በአጭሩ፣ እየሠሩ በኪራይ መልክ ትራክ መግዛት ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካምፓኒው ወይም እህት ድርጅቱ ትራኩን ለሹፌሩ ያከራየዋል። ኪራዩ በየሳምንቱ ከሹፌሩ ገቢ ላይ ይቆረጣል። የውሉ ዘመን ሲያልቅ ትራኩ የሹፌሩ ይሆናል። አንዳንዱ ውል ግን መጨረሻ ላይ አንድ ዳጎስ ያለ ክፍያ ያስቀምጣል፤ እሱ ካልተከፈለ ባለቤትነት የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የሚፈረመው ውል አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። በመጀመሪያው ካምፓኒው ትራኩን ለሹፌሩ ያከራያል። በሁለተኛው ሹፌሩ ያንኑ ትራክ ከነጉልበቱ መልሶ ለካምፓኒው ያከራያል። ስለዚህ አከራዩም፣ ጭነት ሰጪውም፣ ሂሳብ ቆራጩም አንድ ወገን ነው። ባንክ ገንዘብ ቢያበድራችሁ ነገ የምትሠሩለትን ካምፓኒ መቀየር ትችላላችሁ። እዚህ ግን ካምፓኒውን ስትለቁ ትራኩም ይቀራል፣ እስከዚያ ቀን የከፈላችሁትም አብሮ ይቀራል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሹፌር በሳምንት 2,400 ማይል ነድቶ የ5,000 ዶላር ጭነት አደረሰ እንበል። ካምፓኒው 30 በመቶ ሲወስድ 3,500 ይቀራል። ከዚያ ላይ ነዳጅ 1,200፣ የትራክ ኪራይ 900፣ ኢንሹራንስ 250 ይወጣል። ለጥገና ተብሎ በማይል 10 ሳንቲም ሲያዝ 240 ነው። ለተጎታች፣ ለኢኤልዲ (የመንዳት ሰዓት መመዝገቢያ መሣሪያ)፣ ለምን ለምኑ ደግሞ 110። እጁ ላይ የሚገባው 800 ዶላር ነው። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ግን 5,000ው ነው።

ይሄ እንግዲህ ደህናው ሳምንት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ጭነት ጠፋ፣ ወይም ትራኩ ጋራዥ ገባ። ሹፌሩ 1,200 ማይል ብቻ ነድቶ የ2,000 ዶላር ሥራ ሠራ። የካምፓኒው ድርሻ ሲነሳ 1,400 ይቀራል። ነዳጅና የጥገናው ተቀማጭ በማይል ልክ ይቀንሳሉ። ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱና ለተጎታች ለምኑ የሚወጣው 110 ግን ንቅንቅ አይሉም። ሲደመር ወጪው 1,980 ይሆናል። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ 580 ዶላር ባለ ዕዳ ሆነ። ዕዳው ወደ ቀጣዩ ሳምንት ይሻገራል። ብዙዎች ወገባቸው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ዕዳው ስላለ መልቀቅ ያስፈራል፤ ካልለቀቁ ደግሞ ዕዳው ይጨምራል።

በማይል 55 ሳንቲም የሚከፈለው ተቀጣሪ ሹፌር ያንኑ 2,400 ማይል ቢነዳ 1,320 ዶላር ያገኛል። በመጥፎው ሳምንት ደግሞ 660። ትንሽ ናት፣ ግን ዕዳ የለባትም። ጎማው ቢፈነዳ ወጪው የካምፓኒው ነው።

ታክሱም ይለያያል። ተቀጣሪው ደብልዩ 2 የሚባለውን የደመወዝተኛ የታክስ ቅጽ ያገኛል፤ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከሚከፈለው 15.3 በመቶ ግማሹን አሠሪው ይችላል። ሊዝ የወሰደው ግን በ1099፣ ማለትም እንደ ግል ሠራተኛ፣ ስለሚሠራ ሙሉውን ራሱ ይከፍላል። በርግጥ ወጪዎቹን ከገቢው ላይ መቀነስ ይችላል። ሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስበት ግን ተቀጣሪ የሚያገኘውን የሠራተኛ ካሳ በአብዛኛው አያገኝም። አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከሳምንታዊው ሴትልመንት (የክፍያና የተቆራጭ ሂሳብ) ላይ ለታክስ ምንም ሳያስቀምጥ ይከርምና ኤፕሪል ሲመጣ ይደነግጣል።

ጉዳዩ መንግሥት ዘንድም ደርሷል። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ እነዚህን ውሎች የሚመረምር ግብረ ኃይል እንዲቋቋም አዘዘ። ግብረ ኃይሉ በጃንዋሪ 2025 ሪፖርቱን ሲያቀርብ፣ ኮንግረስ ሊዝ ፐርቸስን ጨርሶ እንዲከለክል መከረ። እስከ መጨረሻው ከፍሎ ትራኩን የሚረከብ ሹፌር በጣም ጥቂት ነው የሚል ነው አንዱ ምክንያቱ። ምክር ግን ሕግ አይደለም።

ሹፌሩን የሚከላከል ሕግ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። የፌዴራል ደንብ ቁጥር 376 ሁለተኛውን ውል፣ ማለትም ሹፌሩ ትራኩን ለካምፓኒው የሚያከራይበትን ይመለከታል። በዚህ ደንብ መሠረት የሚቆረጥ ነገር ሁሉ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ሹፌሩ የጉዞ ወረቀቶቹን ካስረከበ በ15 ቀን ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። ክፍያው ከጭነቱ ዋጋ በመቶኛ ከሆነ የጭነቱን ትክክለኛ ዋጋ የሚያሳየው ሰነድ ቅጂ ይሰጠዋል። ይህችን አጥብቃችሁ ያዙ። ያለ ሰነድ የ«70 በመቶ» ክፍያ ከምን ላይ እንደተሰላ ማን ያውቃል? ኤስክሮ (መያዣ) ተብሎ የተያዘው ገንዘብም ውሉ ካለቀ በ45 ቀን ውስጥ ከነዝርዝሩ መመለስ አለበት። በሌላ በኩል የመጀመሪያው ውል፣ ያ ኪራዩና ቅጣቱ ያለበት፣ በአብዛኛው እንደ ማንኛውም የንግድ ስምምነት ነው የሚታየው። የፈረማችሁትን ፈረማችሁ።

ታዲያ ሁሉም ማጭበርበር ነው? አይደለም። ዓመት ሁለት ዓመት የነዳ፣ የትኛው መንገድ ምን ያህል እንደሚከፍል ያወቀ፣ ለሁለት ሦስት ወር የሚሆን መጠባበቂያ ገንዘብ ያለው ሰው ሊያተርፍበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ብድር ያገኛል፤ ሊዝ ፐርቸስ አያስፈልገውም። አዲስ ሹፌር ከእነዚህ አንዱም የለውም። ገና ተጎታች ወደ ኋላ ማስገባት እየተለማመደ ነው። በዚያ ላይ የነዳጅ፣ የጥገናና የታክስ ሂሳብ መሸከም ለእኔ የሚያዋጣ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ዓመት ለመማሪያ በደብልዩ 2 ቢሆን ይሻላል። የገንዘቡ ማነስ ያበሳጫል፣ እውነት ነው። ግን በዚያ ዓመት የሚሠራው ስህተት በሌላ ሰው ትራክ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

«እኔ ግን ወስኛለሁ» ለሚል ጥቂት ነገሮች ልበል። ቀጣሪው በስልክ የሚነግራችሁን ሳይሆን ወረቀቱን ጠይቁ፤ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት፣ ከቻላችሁ ለጠበቃ አሳዩት። «ዛሬ ካልፈረምክ ትራኩ ያመልጥሃል» ካሉ ይምለጥ። የካምፓኒውን የዲኦቲ ቁጥር (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ቁጥር) አስገብቶ መዝገቡን ሴፈር በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል፤ የ24 ወር የፍተሻና የአደጋ መዝገቡን ያሳያል። ከዚያ ቢሮውን ትታችሁ እዚያው ግቢ ያሉትን ሹፌሮች አነጋግሩ። ስንት ታገኛለህ ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ ሰው ደህናውን ሳምንት ነው የሚያወራው። ይልቅ በተከታታይ የተከፈለበትን የሁለት ወር ሴትልመንት እንዲያሳያችሁ ለምኑት። ትራኩ ጋራዥ ሲቆም ኪራዩ ይቆም እንደሆነ ጠይቁት። ዲስፓቸሩ (ጭነት መዳቢው) የሚሰጠውን ጭነት እምቢ ካለ ምን እንደሚደርስበትም። ለካምፓኒው ደግሞ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ባለፈው ዓመት ሊዝ ከወሰዱት ውስጥ ትራኩን የተረከበው ስንቱ ነው? ቁጥሩን ሳይናገሩ ወሬ ካበዙ መልሱ እሱ ነው።