ኮምፒውተር ሲነሳ የማይታዘዝ ኪቦርድ፦ ለድሬዳዋ የዱዋል ቡት ተጠቃሚዎች

ዱዋል ቡት የሚባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጫን ነው። በብዛት የሚታየው ጥምረት ዊንዶውስና ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ግረብ የተባለው ማስነሻ ፕሮግራም የምርጫ ዝርዝር ያወጣል። በቀስት ቁልፍ አንዱን መርጦ ኢንተር መጫን ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኪቦርዱ አይሰማም። ኡቡንቱ ላይ የተለመደው 10 ሴኮንድ ያልቅና ያልተፈለገው ሲስተም ይገባል። ከገባ በኋላ ያው ኪቦርድ አንድም ፊደል ሳይስት ይጽፋል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ደህናውን ኪቦርድ ጥሎ አዲስ ይገዛል። አለዚያም ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አያስፈልጉም።

ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ከደረሰ ጀምሮ ማሽን ፈትቶ መግጠም እዚህ የተከበረ ሙያ ነው። የዛሬዎቹ የኮምፒውተር ጠጋኞች የዚያው ሙያ ወራሾች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የከተማዋን ታይዋን የተባለ ገበያ የሚያውቅ ሰው ያገለገለ ላፕቶፕ እንዴት እንደሚመረጥ መቼም አይነገረውም። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎችም ለትምህርታቸው ሊኑክስ ይጭናሉ፤ ዊንዶውሱን ግን አያጠፉም። ለዚህ ነው ጉዳዩ እዚህ ከተማ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳው።

ምክንያቱን ለመረዳት ኪቦርዱ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ይበቃል። መጀመሪያ የሚይዘው ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እንደበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው፤ በአዲሶቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ ይባላል። ግረብ በተለምዶ የራሱን የኪቦርድ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያናግር ፕሮግራም) አይጠቀምም። ባዮስ የሰጠውን ያነባል። ሊኑክስ ወይም ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በራሱ ድራይቨር ይረከበዋል። ስለዚህ ግረብ ላይ ብቻ የሚደነዝዝ ኪቦርድ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባዮሱ ነው።

ድሮ ይህ ችግር እምብዛም አልነበረም። አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ያመጣው ፒኤስ/2 የሚባለው ክብ መሰኪያ ባዮሱ በቀላሉ የሚያውቀው ነው። የኪቦርዱ ወይን ጠጅ፣ የማውሱ አረንጓዴ ሆኖ የሚታወቀው ማለት ነው። ዩኤስቢ ሲመጣ ግን ባዮሱ ኪቦርዱን ፈልጎ መቀስቀስ ግድ ሆነበት። ባዮስ ውስጥ ሌጋሲ ዩኤስቢ ሰፖርት የሚል መስመር የምናገኘው ለዚህ ነው። ጠፍቶ ከሆነ ይብራ።

ሁለተኛው፣ ምናልባትም ዋነኛው ተጠርጣሪ፣ እዚያው ባዮስ ውስጥ ያለው ፋስት ቡት ነው። ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ ሲባል የዩኤስቢ ፍተሻውን ይዘላል። ኪቦርዱ ሳይነቃ ግረብ ይደርሳል። ይህን ማጥፋት ብቻውን ብዙ ማሽኖችን ያስተካክላል።

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣው ፋስት ስታርትአፕ ሌላ ነገር ነው፤ ስሙ ስለሚቀራረብ ብቻ ይምታታል። እሱ ዊንዶውስ ሲዘጋ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚያስተኛ ነው። ግረብ ላይ ኪቦርዱን የሚያስቆመው ይኼ ነው የሚሉ ጠጋኞች አሉ፤ የለበትም የሚሉም አሉ። መለያው ቀላል ነው። ሪስታርት ሲደረግ ይህ አሠራር አይገባም። ሪስታርት ተደርጎ ኪቦርዱ ከሠራ፣ ሸት ዳውን ተደርጎ ሲበራ ግን ካልሠራ፣ ጥርጣሬው ወደ እሱ ያደላል። ለማንኛውም ዱዋል ቡት ላይ ይጥፋ። ካልጠፋ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ዲስክ ለንባብ ብቻ ሊከፍተው ወይም ጭራሽ ላይከፍተው ይችላል።

መሰኪያውም ይታይ። ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ላይ ያለውን ኪቦርድ ወደ ጥቁሩ ዩኤስቢ 2 ማዛወር፣ ሀብ (መሰኪያ ማብዣ) ካለ ማውጣትና ቀጥታ መሰካት ነው። የብሉቱዝ ኪቦርድ ሲስተሙ ሳይነሳ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ትንሿ የዩኤስቢ መቀበያ ያለችው ገመድ አልባ ኪቦርድ ትሻላለች።

የመብራት መቆራረጥ እዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ኡቡንቱ በደንብ ሳይነሳ መብራት ከሄደ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግረብ ምርጫውን ይዞ 30 ሴኮንድ ይቆያል። ባለቤቱ ማሽኑ የተበላሸ ይመስለውና እንደገና ያጠፋዋል። መታገስ ነው። አቧራውም አይረሳ። ተጣብቆ የቀረ ቁልፍ የግረብን ቆጠራ ያስቆማል፤ ማንኛውም ቁልፍ ሲነካ ቆጠራው ይቆማልና። ሰከንዱ የማይቀንስ ግረብ ከታየ ኪቦርዱ ነቅሎ ይሞከር። ላፕቶፕ ከሆነ ቁልፎቹ ይጽዱ።

ከግረብ በኋላ የሚቆም ኪቦርድ ሌላ በሽታ ነው። ባዮስና ግረብ ላይ እየሠራ የዊንዶውስ 7 መጫኛ ላይ የሚሞት ከሆነ፣ ዊንዶውስ 7 የዩኤስቢ 3 ድራይቨር ይዞ ስላልመጣ ነው። የሊኑክስ ዲስክ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ የሚሞት ከሆነ ደግሞ የኪቦርዱ ድራይቨር በመጀመሪያው የማስነሻ ፋይል ውስጥ አልገባም።

አንዳንዴ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ፊደሉ ግን ይለያያል። ግረብ በተለምዶ የሚያውቀው የአሜሪካኑን አቀማመጥ ነው። የፈረንሳይ ኪቦርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ ኤ ሲጫን ኪው ይወጣል። መግቢያው ላይ የይለፍ ቃሉ አልቀበልም ሲልም አማርኛው በርቶ እንደሆነ ይታይ። ዊንዶውስም ኡቡንቱም ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ አብረው ሲጫኑ ይቀየራል።

ባዮሱ ራሱ በኪቦርድ አልገባ ካለ፣ ዊንዶውስ ላይ ሺፍት ተጭኖ ሪስታርት ይደረግ። በማውስ ብቻ ትራብልሹት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ተገብቶ ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ሴቲንግስ ይመረጣል። ዩኢኤፍአይ በሌላቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ይህ አይገኝም፤ እዚያ የፒኤስ/2 ኪቦርድ መዋስ ነው። የተስተካከለው ነገር ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ወደ ነበረበት የሚመለስ ከሆነና ሰዓቱም አብሮ የሚዛባ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ብዙዎቹ ዴስክቶፖች የሚወስዱት ሲአር2032 የሚባለውን ነው። ከተቀየረ በኋላ ሌጋሲ ዩኤስቢና ፋስት ቡት እንደገና ይስተካከሉ።