አብሽ፦ ከዘሩ ባሻገር

አብሽ የማይገባበት የሐበሻ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ቅቤ ሲነጠር አለ፣ ሽሮ ሲዘጋጅ አለ፣ ሆድ ሲያምም ተመትቶ ይጠጣል። ተክሉን በዓይኑ ያየ የከተማ ሰው ግን ብዙ አይደለም፤ ገበያ የሚመጣው ዘሩ ብቻ ነዋ።

ሳይንሳዊ ስሙ ትሪጎኔላ ፌነም-ግሬከም ነው። ከባቄላ፣ ከአተርና ከሽምብራ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አፍርቶ ይደርቃል። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ስለሚወጣ ከሩቅ ያየው ሰው ማገጥ ሊመስለው ይችላል። ጠጋ ብሎ በጣት ሲያሹት ግን ሽታው ይለየዋል። አበባው ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ቅጠሉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ቦታ አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያለና ጫፉ የሾለ ፍሬ ይይዛል። በውስጡ ከ10 እስከ 20 ዘር ይደረደራል።

ጉዱ ያለው ዘሩ ላይ ነው። ቢጫ፣ ማዕዘናም፣ ጎኑ ላይ ሰርጎድ ያለ መስመር ያለው፣ ጥርስ የሚሰብር ጠንካራ ነገር ነው። ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ግን ያብጥና ይዝለገለጋል። ይህን የሚያደርገው ጋላክቶማናን የሚባል አሰር ነው። እናቶች ዱቄቱን ዘፍዝፈው፣ የሚመረውን ውሃ ደጋግመው ደፍተው ሲመቱት ነጭ አረፋ ይሆናል። ማር ጠብ ሲደረግበት ማን እምቢ ይላል? ሽታው የሚመጣው ሶቶሎን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ አብሽ የጠጣ ሰው ላቡ ሳይቀር የሚሸተውም በእሱ ምክንያት ነው።

በባህላዊ ሕክምና ለጨጓራ፣ ለሆድ ድርቀት፣ ለአራስም ጡቷ እንዲያጋት ይሰጣል። ስለ ጡት ወተት ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። የደም ስኳርን ዝቅ እንደሚያደርግ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ አብሽን እንደ መድኃኒት አብዝተው ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ቢያማክሩ ይሻላል። ለኦቾሎኒ ወይም ለሽምብራ አለርጂ ያለበት ሰውም ይጠንቀቅ። በቅመምነት ወጥ ውስጥ የምትገባው ቁንጥር ግን ይህን ያህል አታሳስብም።

መነሻው ከሜዲትራንያን ምሥራቃዊ ዳርቻ እስከ ምዕራብ እስያ ባለው ምድር እንደሆነ ይታመናል። ኢራቅ ውስጥ በቁፋሮ የተገኘ የከሰለ ዘር 6000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ተሰጥቶታል። በግብጹ ፈርዖን ቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥም ዘሩ ተገኝቷል። በኢትዮጵያ በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ደጋና ወይና ደጋ ይዘራል፤ በብዛት የሚስማማው ከ1800 እስከ 2300 ሜትር ከፍታ ነው። ሥሩ ለሰብል ምግብ የሚሆነውን ናይትሮጅን አፈሩ ውስጥ ስለሚያስቀር ገበሬው ከእህል ጋር እያፈራረቀ ቢዘራው መሬቱ ይጠቀማል።

በዓለም ላይ በምርት የምትመራው ሕንድ ናት፤ ብዙው የሚመጣው ከራጃስታን ነው። እዚያ ለምለም ቅጠሉም እንደ ጎመን ይበላል። ኢራኖች በአረንጓዴ ወጣቸው ውስጥ ይጨምሩታል። የመኖች ዘሩን መትተው ሕልባ የሚባል ማባያ ይሠራሉ። የየመን አይሁድ ይህንኑ ይዘው እስራኤል ስለገቡ፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን አብሽ ቢቸግራቸው የየመኖቹ ሱቅ አለላቸው።