አባት በኢትዮጵያ የሕፃናት ጥበቃ ሥርዓት ውስጥ

በኢትዮጵያ ሕፃናትን ከጥቃትና ከቸልተኝነት የመጠበቅ ሥራ የተሰጠው ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤቶች፣ ለማኅበራዊ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ለዓመታት «ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ» ሲባሉ ለኖሩት መሥሪያ ቤቶች ነው። ስሙ ራሱ ልጅን ከእናት ጋር ያስተሳስራል። አባት እዚህ ደጃፍ የሚታየው በአብዛኛው ቀለብ ከፋይ ወይም ተከሳሽ ሆኖ ነው፤ አሳዳጊ ተብሎ ምክር የሚጠየቅበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የዛሬው ሕግ ግን እንዲህ አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎት ነበር። በዚያው ሕግ ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይቆያል። ማዘዙ ለእሱ፣ ማዘሉ ለእሷ ነበር ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ሁለቱንም ትቷል። በጋብቻ ዘመን እናትና አባት በጋራ የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት፣ ማለትም አስተዳደጉንና ንብረቱን በኃላፊነት የሚመሩ፣ ናቸው። ሲፋቱ ፍርድ ቤቱ የሁለቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስናል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ።

ነገሩ የሚበላሸው ዕለት በዕለት ሥራው ላይ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር፣ ሲከሳ፣ ገላው ላይ ሰንበር ሲታይ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «እናቱ የት ነበረች?» የሚል ነው። ከሥራ ቀርታ የምትመላለሰው እሷ ናት። የመታው አባቱ ሆኖ ሳለ እንኳ «ለምን ዝም አልሽ?» ትባላለች። የአባትየው ስም መዝገቡ ላይ ከልጁ ስም ቀጥሎ ሁልጊዜ አለ፤ በአገራችን አጠራር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ነውና። ሰውየውን ግን የጠራው የለም። ይህ ለእናትም ለልጅም ግፍ ነው፦ ደህና አባት ከሆነ እጁ ይቀራል፣ አደገኛ ከሆነ ደግሞ የሚከታተለው አይኖርም።

አባትን መጥራት ማለት ግን ልጁን አንሥቶ ለአባት መስጠት ማለት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ እናቱ ሞታበት አክስቱ ስታሳድገው የኖረችውን ልጅ ወላጅ አባቱ ልውሰድ ቢል አልፈቀደም። ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን መሠረት አድርጎ የልጁን ጥቅም አስቀደመ። መመዘኛው ደም ሳይሆን ለልጁ የሚበጀው ነበር።

በእናትና በአባት መካከል ያለው ልዩነት የሚጀምረው ከወሊድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። በ4ኛው ቀን፣ የአራስ ቤቱ ገንፎ ገና ሳይበርድ፣ አባት ሥራ ገበታው ላይ ነው።