«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ ዳታ መማር ለጀመረ ሰው

ዳታ መማር፣ ማለትም መረጃን ማጽዳትና መተንተን፣ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ይደናገጣል። ኤክሴል (የሰንጠረዥ ፕሮግራም)፣ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ መጠየቂያ ቋንቋ)፣ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ)፣ ስታቲስቲክስ፣ ፓወር ቢአይ (ዳታን በግራፍ ማሳያ)... ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። ያኔ አንድ ሰው ብቅ ይልና «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለዋል። ምክሩ ደግ ነው። ችግሩ፣ አብዛኞቻችን የምንሰማው ግማሹን ብቻ ነው።

አባባሉ የሚነገረው ሲጀመር የማይሆን ለሚመስል ነገር ነው። እንቁላል እግር የለውም፤ ግን ጊዜ ሲያገኝ ጫጩት ሆኖ ይሄዳል። ለጀማሪ ሠራተኛ ይባላል፣ ትምህርት ለከበደው ልጅ ይባላል፣ ገንዘብ ለሚያጠራቅም ሰውም ይባላል። «ታገስ» ማለት ነው ብለን እንተወዋለን።

መነሻውን ያየ ግን ሌላም ነገር ያገኝበታል። እንቁላል ያስታቀፈ ሰው እንደሚያውቀው ጫጩት ለመፈልፈል 21 ቀን ገደማ ይፈጃል። ከውጭ ሲታይ በእነዚህ ቀናት ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ውስጡ ግን ሥራ ላይ ነው፤ የፅንሱ ልብ መምታት የሚጀምረው ገና በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ነው። ዶሮዋም እንዲሁ ተጎልታ አትውልም። እንቁላሉን በቀን ደጋግማ ታገላብጠዋለች፣ አለዚያ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ለመብላት ትነሳለች፣ ብዙ ሳትቆይ ትመለሳለች። ለቀናት ብትጠፋ እንቁላሉ ይበላሻል። ቶሎ ይፈልፈል ብሎ ሙቀቱን ከልክ በላይ መጨመርም አያፋጥነውም፤ ይገድለዋል።

እንግዲህ ያልተሰማው ግማሽ ይሄ ነው። አባባሉ ቀስ በል ብቻ አይልም፤ አትጥፋም ይላል።

ዳታ የሚማር ሰው ግን ሁለቱንም ይስታል፤ ይቸኩላል፣ ከዚያም ይጠፋል። አንድ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ቪዲዮ ሲያይ ይውላል፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ድምፁ አይሰማም። ሲመለስ ግማሹ ከጭንቅላቱ ወጥቷል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሀውስ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት እያጠና ራሱን ሲፈትን ያገኘው ይህንኑ ነበር፤ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። የምንረሳው በብዛት ወዲያው ከተማርን በኋላ ነው። በአንድ ቀን ከተጨናነቀ ጥናት ይልቅ በቀናት የተከፋፈለው የበለጠ ይቆያል። ስለዚህ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ከእሑዱ ማራቶን ይሻላል። በጣም በደከማችሁ ቀን አዲስ ነገር አትጀምሩ። የትናንቱን ጥያቄ መልሱን ሳታዩ እንደገና ሥሩትና ተኙ። እሱም ይቆጠራል።

ጥድፊያ የሚያሳልፈው ነገር ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። 100 ረድፍ ያለው የሽያጭ ሰንጠረዥ አላችሁ እንበል። የደንበኞቹ ስም በሌላ ሰንጠረዥ ነው፤ ሁለቱን በጆይን፣ ማለትም ሰንጠረዦችን በጋራ መለያ በሚያጣምር ትእዛዝ፣ ታገናኛላችሁ። ውጤቱ 104 ረድፍ ሆኖ ይመጣል። ቀይ የስህተት ጽሑፍ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ጉዳዩ አንድ ደንበኛ በስሞቹ ሰንጠረዥ ውስጥ በስህተት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ መሆኑ ነው። አራት ግዢ ነበረው፤ አሁን ስምንት ሆነ፣ ጠቅላላ ሽያጩም አብሮ አበጠ። ጆይንን በአንድ ምሽት «የጨረሰ» ሰው ይህን ቁጥር ለአለቃው ይልካል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄኔ ነው። ሳምንት ሙሉ በተለያዩ ሰንጠረዦች የታሸ ሰው ግን መጀመሪያ ረድፍ ይቆጥራል። አሁን ኮዱን ቻትጂፒቲም ይጽፈዋል፣ እሺ። 104ቱን አይቶ «ቆይ እስቲ» የሚለው ግን ያው ሰው ነው።

ደግሞ ኤክሴልን «የጀማሪ ነው» ብሎ መዝለል አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ተጠቂዎች ከዕለታዊ ሪፖርቱ ቀርተው ነበር። ምክንያቱ አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ የማይዝ መሆኑ ነው። የተረፈው መረጃ ዝም ብሎ ተቆረጠ። ከባድ ሒሳብ የሚጠይቅ ስህተት አልነበረም፤ የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ልክ ማወቅ ይበቃ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ኤክሴል፣ ቀጥሎ ኤስኪውኤል፣ ፓይተን ኋላ ይድረስ ባይ ነኝ። የማይስማሙ አሉ፣ ይሁን። ሁሉንም በአንድ ወር እጀምራለሁ የሚለውን ግን ማንም ባይመክራችሁ ደስ ይለኛል።

«እስክማር ጊዜው ያልፍብኛል» የሚለው ፍርሃትም ትንሽ ይብረድ። ኤስኪውኤል የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈጠሩት ነው፤ ፓይተን ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እናንተ ስድስት ወር ስለቆያችሁ የትም አይሄዱም።

ሥራ ፍለጋ ሲመጣ ሰርተፊኬት መደርደር ብዙም አይረዳም። አንድ የምር የሚያሳስባችሁን ጥያቄ ምረጡ፤ በይፋ ከሚገኝ ዳታ መልሱን ፈልጉ። ያጸዳችሁትን፣ የጣላችሁትን ረድፍና ምክንያቱን ጻፉ። ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይሄው ማጽዳቱ ነው፣ ኮርሶች ግን ቶሎ ያልፉታል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህ ቁጥር ትክክል መሆኑን በምን አወቅክ?» መባሉ አይቀርም። ያኔ «ከጆይኑ በፊትና በኋላ ረድፎቹን ቆጠርኩ፤ አራት በለጠ፣ ሄጄ አየሁት» የሚል ሰው ጥሩ መልስ ይዟል።