የሰናፍጭ ጋዝ ምንድን ነው?

ስሙ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ሰናፍጭ የለበትም፤ ጋዝም አይደለም። ሰልፈርና ክሎሪን ያሉበት፣ ዘይት የሚመስል ፈሳሽ ነው። ሰናፍጭ ያሰኘው ሽታው ሲሆን ነጭ ሽንኩርት ይሸታል ያሉም ነበሩ። (እኛ ሱቅ ሄደን «ጋዝ ስጠኝ» ስንል በጠርሙስ የሚቀዳውን ማለታችን ስለሆነ የአማርኛው ስም ሳያስበው ወደ እውነቱ ይጠጋል።)

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የምሽግ ውጊያ ላይ ግን ቀድሞ ስሙ የገነነው ክሎሪን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1915 ጀርመኖች ቤልጅግ ውስጥ ኢፕር ከተማ አጠገብ ከ5,000 በላይ ሲሊንደሮች ከፍተው ወደ 168 ቶን የሚጠጋ ክሎሪን ለነፋስ ለቀቁት። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ እንደ ጎርፍ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ከጥይት የሚከልለው ጉድጓድ ራሱ የመርዝ ማጠራቀሚያ ሆነ። ጭምብል አልነበረም፤ በቀጣዮቹ ቀናት ወታደሮች ጨርቅ በውሃ፣ ውሃ ሲጠፋም በሽንታቸው ነክረው አፍና አፍንጫቸው ላይ ያስሩ ነበር።

ክሎሪን ግን ይታያል፣ ይሸታል፣ ነፋስ ሲዞርም ይመለሳል። እንግሊዞች በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሎስ በተባለው ግንባር ሲለቁት ከፊሉ የራሳቸውን ወታደሮች አፈነ። እ.ኤ.አ. በ1916 ደግሞ ከሰል ያለበት ቆርቆሮ በቱቦ የተገናኘው ጭምብል መጣ። ዘብ የቆመው ባዶ የመድፍ ቀለሃ እንደ ደወል ሲደበድብ ሁሉም ጭምብሉን ያጠልቃል፤ ትንፋሹን ያተርፋል።

የሰናፍጭ ጋዝ ጭምብሉን ዋጋ ያሳጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1917 አንድ ሌሊት፣ እዚያው ኢፕር አጠገብ፣ ቢጫ መስቀል የተቀባባቸው የመድፍ ጥይቶች ወረዱ። ደመና የለም፤ ሳልም የለም ማለት ይቻላል። መርዙ የነካው ሰው ወዲያው ሕመም ስለማይሰማው ቀላል ነገር መስሎት ተኝቶ ያድራል። ከሰዓታት በኋላ ዓይኑ አብጦ ይከደናል፤ ላብ የሚበዛበት ብብቱና ብሽሽቱ ይቃጠላል፤ ቆዳው ትልልቅ ውሃ ይቋጥራል። ፈሳሹ ጨርቅ ዘልቆ ስለሚገባ ጭምብል የሚያድነው ፊትንና ሳንባን ብቻ ነው። አብዛኞቹ ቁስለኞች ከሞት ቢተርፉም ለሳምንታት ከውጊያ ውጭ ይሆኑ ነበር፤ ለጦር አዛዥ ደግሞ ይህም ትርፍ ነው።

ከሁሉ የከፋው መሬቱ ላይ መቆየቱ ይመስለኛል። 14 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚረጋ ብርድ ሲሆን ጭቃው ውስጥ ያደፍጣል። ወታደሩ በቦት ጫማው ያንን ጭቃ ይዞ ሙቀት ወዳለበት የምድር ውስጥ መጠለያ ሲገባ መርዙ ይተናል፤ ተኝተው የነበሩት ጓደኞቹ ሁሉ ይጎዳሉ። የቁስለኛ ልብስ ያወለቀች ነርስም እጇ ውሃ ይቋጥር ነበር።

ከኢፕር ስም በመነሳት ፈረንሳዮች ኢፔሪት፣ ጣሊያኖች ኢፕሪት አሉት። እነዚሁ ጣሊያኖች፣ መርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀምን የከለከለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርመው ሳለ፣ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ላይ ከአውሮፕላን ጣሉት፤ በኋላም እንደ ዝናብ ረጩት። ራስ እምሩ በታኅሣሥ ወር ተከዜ ላይ ያዩትን ሲናገሩ፣ በርሜል መሳይ ነገሮች መሬትና ወንዝ ላይ ወድቀው እንደተሰበሩ፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽም እንደፈሰሰ ገልጸዋል። ሰዎቻቸው የቆሰሉት እጃቸው፣ ፊታቸውና እግራቸው ላይ ነበር። አብዛኛው የኢትዮጵያ ወታደር ደግሞ በባዶ እግሩ ነበር የሚዘምተው።